እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያዝ

ነሐሴ ዐሥራ አምስት፣ የፍልሰታ ጾም መጨረሻ ቀን፣ ከጧቱ አራት ሰዓት፤ ገበያው ዳር ባለች ትንሽ መድኃኒት ቤት እማማ ስንዱ ባንኮኒውን ተደግፈው ከፋርማሲስቱ ከመኳንንት ጋር ይሟገታሉ፤ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ረድኤት በጋቢ ተጠቅልላ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ጋደም ብላለች።

እማማ ስንዱ፦ የሚዋጥ አልፈልግም አልኩህ እኮ! መርፌ። ማቅለሽለሹን ቀጥ የሚያደርግ አንዲት መርፌ።

መኳንንት፦ እማማ፣ መርፌ እንደ ሎሚ መርጠው የሚገዙት አይደለም። መጀመሪያ ለምን እንደሚያቅለሸልሻት ልወቅ።

እማማ ስንዱ፦ ማን ዕወቅ አለህ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ይያዝላት። ከዚያ ወዲያ የራሷ ጉዳይ ነው፤ እንዳሻት ታስመልስ።

መኳንንት፦ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን አለ?

እማማ ስንዱ፦ ቅዳሴ ነዋ! የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ሲሄድ አላየህም? ነጭ ካፖርት ከለበስክ ወዲህ ቀኑም ጠፍቶብሃል። ዐሥራ አራት ቀን ጾማለች፤ ዛሬ ትቆርባለች።

መኳንንት፦ አሃ። ኪኒን በአፍ ከገባ ጾም ይገደፋል፤ መርፌ ግን በክንድ ነው።

እማማ ስንዱ፦ ጎሽ፣ የብልህ ልጅ! ቆርባ ብታስመልስ የት እገባለሁ? መሬት ብትከፈት አትበቃኝም።

መኳንንት፦ መቼ ጀመራት?

እማማ ስንዱ፦ ሦስት ቀኗ። ሐኪሙ አሜባ ነው ብሎ የጻፈላትን ያንን የሆድ መድኃኒት ከሰጠኸኝ ወዲህ ነው። እንዲያውም የምከሰው አንተን ነበር።

መኳንንት፦ ክሱ ይደርሳል። እሽጉን ይዘውታል?

እማማ ስንዱ፦ ነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬዋለሁ፤ እንካ። ማንበብ አያቅተኝም፣ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ። “በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ” ብለህ ጽፈሃል። አንዲት ሳላዛንፍ ነው የሰጠኋት።

መኳንንት፦ ዐሥራ አምስት ፍሬ ነው የሰጠሁዎት፣ የአምስት ቀን። በሦስት ቀን ዘጠኝ ብትወስድ ስድስት ይቀራል። እዚህ ያለው አንድ ፍሬ ነው።

እማማ ስንዱ፦ እንዴ።

መኳንንት፦ እማማ፣ ረድኤት እህል የምትቀምሰው ስንት ሰዓት ነው?

እማማ ስንዱ፦ ዘጠኝ ሰዓት። ጾም አይደል እንዴ?

መኳንንት፦ ታዲያ ሦስቱን ፍሬ መቼ መቼ ሰጧት?

እማማ ስንዱ፦ ከምግብ በኋላ ብለህ የለ! ዘጠኝ ሰዓት አንድ፣ ዐሥር ሰዓት አንድ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት አንድ።

መኳንንት፦ እሱም በሦስት ቀን ዘጠኝ ፍሬ ነው። የቀሩት አምስቱስ?

እማማ ስንዱ፦ ታስመልሰዋለቻ! መሬት ላይ የፈሰሰ መድኃኒት ምን ይፈይድላታል? ተካሁላት።

መኳንንት፦ ባስመለሰች ቁጥር?

እማማ ስንዱ፦ ቆሜ ልያት? የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ።

መኳንንት፦ ይኸው ነዋ! ይህ መድኃኒት ተራርቆ ሲወሰድ እንኳ ሆድ ይበጠብጣል። እርስዎ ደራርበው ሰጧት፤ ታስመልሳለች፣ ይተካሉ፤ ይተካሉ፣ ታስመልሳለች።

እማማ ስንዱ፦ ወይኔ ስንዱ! በገዛ እጄ ነው እንዴ የመረዝኳት?

መኳንንት፦ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ትሰማለች። አውቀው አላደረጉትም። ከአሁን ወዲህ ግን ሐኪም ሳያያት አንድ ፍሬ እንዳይሰጧት። ሽንቷን መቼ ነው የሸናችው?

እማማ ስንዱ፦ ትናንት… ከቀትር በኋላ ይመስለኛል። ዛሬ አላየሁም።

መኳንንት፦ እስቲ ቀርቤ ልያት። … ከንፈሯን አይተውታል? እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። የእጇን ቆዳ ቆንጠጥ ሳደርገው ቶሎ አልተመለሰም። አሁን እኔን የሚያስፈራኝ ማቅለሽለሹ አይደለም፤ ውሃዋ ማለቁ ነው።

እማማ ስንዱ፦ ጧት… ጧት ውሃ ብላኝ ነበር።

መኳንንት፦ ምን አሏት?

እማማ ስንዱ፦ “ትንሽ ነው የቀረው የኔ እናት” አልኳት። ምን ልበል? ስለት አለብኝ! በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ሲጥላት፣ ጎረቤት የቀብር ነጠላውን ሲያዘጋጅ፣ “እመቤቴ ይህችን ማሪልኝ፤ ጾምሽን እስከ መጨረሻው ጾማ ትቆርባለች” ብዬ ተሳልኩ። እናቷን ቀብሬያለሁ እኮ። የቀረችኝ ይህች ናት። ስለቱ ቢፈርስና ብትወስድብኝስ?

መኳንንት፦ የንስሐ አባትዎን ጠይቀዋል?

እማማ ስንዱ፦ አልጠየቅኩም።

መኳንንት፦ ቤታቸው እኮ ከአጥርዎ ማዶ ነው።

እማማ ስንዱ፦ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። “ለታመመ ልጅ ምን ጾም አለ፣ አጠጫት” ይላሉ። ለዚህ ነው ያልጠየቅኳቸው።

መኳንንት፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እርስዎ ደግሞ ከቄሱም ደበቁት። እማማ፣ እኔ የዚህች እኩያ ሆኜ በፍልሰታ ከጓዳዎ ቆሎ ዘግኜ እንደነበር ያውቃሉ?

እማማ ስንዱ፦ አላውቅም ብለህ ነው? ኪስህ እየተንሿሿ በበሩ ስታልፍ!

መኳንንት፦ ለእናቴ አልነገሩብኝም።

እማማ ስንዱ፦ ምን ብዬ ልንገር? ፊትህ ነጥቶ አየሁ። ልጅ ራበው ብዬ ተውኩህ።

መኳንንት፦ ለሰው ልጅ ያዘነ አንጀት ለራስዎ ልጅ ይጨክን?

እማማ ስንዱ፦ ሂድ ወዲያ፣ ምላሳም። … ምንድን ነው የምትበጠብጠው?

መኳንንት፦ ለምለም የሚባለው ዱቄት ነው። የወጣባትን ውሃና ጨው የሚመልስ ነው። በኩባያ ሙሉ ከሰጧት ተመልሶ ይወጣል። በማንኪያ፣ ፋታ እየሰጡ። ብታስመልስ ዐሥር ደቂቃ አሳርፈው እንደገና፣ ዝግ ብለው። አሁን ባጃጅ እጠራና ጤና ጣቢያ እንወስዳታለን፤ መንገድ ላይም እየጠጣች ነው የምትሄደው። እሽጉን ይያዙት፣ ስንት እንደወሰደች ለሐኪሙ ይንገሩት።

እማማ ስንዱ፦ አፍራለሁ።

መኳንንት፦ ይፈሩ፤ ግን ይንገሩ። ነይ ረድኤትዬ፣ ቀና በይ። አፍሽን ክፈቺ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ። … እምቢ አለች እኮ። እማማ፣ ጥርሷን ነክሳ እርስዎን ነው የምታየው። የሆነ ነገር ታንሾካሹካለች፤ ጠጋ ይበሉ እስቲ።

እማማ ስንዱ፦ ምን አልሽ የኔ ዓለም? … እንዴ። … ማነው እንዲህ ያለሽ?

መኳንንት፦ ምን አለች?

እማማ ስንዱ፦ “እኔ ከጠጣሁ ስለቱ ፈርሶ አንቺ ትሞቻለሽ” ነው የምትለኝ።

መኳንንት፦ ማን ነገራት?

እማማ ስንዱ፦ ማን ይነግራታል? እኔው ነኝ። ጧት ውሃ ስትለኝ፣ “ስለት ያፈረሰ ሰው ዕድሜ የለውም” አልኳት። ዝም እንድትል ብዬ።

መኳንንት፦ እርስዎ ለሷ ሲፈሩ፣ እሷ ለእርስዎ ብላ ደርቃለች።

እማማ ስንዱ፦ አምጣ ማንኪያውን።

መኳንንት፦ አዎ፣ ከእርስዎ እጅ ከሆነ ትጠጣ ይሆናል።

እማማ ስንዱ፦ አምጣ አልኩህ! ረድኤትዬ፣ እይኝ። ዓይንሽን ከኔ ላይ እንዳታነሺ። ከልጅነቴ ጀምሮ ፍልሰታን አንድ ቀን ሳልገድፍ የኖርኩ ሴትዮ ነኝ። … አየሽ? ዋጥኩት። ጨው ጨው ይላል እንጂ አይገድልም። በይ የኔ እናት፣ እኔ ገድፌአለሁ፤ ብቻዬን እንዳትተዪኝ።