ስለ አይጠገብ ፏፏቴ በተጠራው ስብሰባ ላይ ስለተደረገው ምርቃት

የምስክር ስም፦ ኢናስ መሐሙድ
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ የሆቴል ክፍል ጽዳት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኦክቶበር 20 ቀን 2025
ጉዳዩ፦ አቶ መዝገቡ አለማየሁ «ዛቻ ተፈጽሞብኛል» ሲሉ በምስክሯ አባት በሼህ መሐሙድ ላይ ያቀረቡት አቤቱታ

አይጠገብ የሚባለው ፏፏቴ ወሎ ውስጥ በአባቴ መንደር በኩል ይወርዳል። ባለፈው ክረምት ለዘመድ ጥየቃ ሄጄ፣ ውሃው ሞልቶ ገደሉን በሚያናውጥበት ጊዜ ካሜራዬን በፌስታል ሸፍኜ አነሳሁት። የአባቴ እህት፣ አክስቴ ኡሙሰልማ፣ ጀሪካኗን ይዛ ከሥሩ እንድትቆም ያደረግሁት የውሃው ግዝፈት እንዲታይ ነው። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ቅዳሜ ኦክቶበር 18 ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ እዚህ አብረውኝ የሚኖሩትን አባቴን ይዤ ላስ ቬጋስ አጠገብ ግሪን ቫሊ ወደሚገኝ አዳራሽ ለስብሰባው ሄድኩ። አቶ መዝገቡ ወንዙን ከላይ ገድበው በቧንቧ ሊወስዱት፣ ፏፏቴውንም እንደ እዚህ አገር ሆቴል ፋውንቴን በሰዓት እየከፈቱ ለሪዞርት እንግዳ ሊያሳዩት አክሲዮን ይሸጡ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእኔ ፎቶ ነው። አክስቴ ግን የለችም። እሷን አጥፍተው በቦታዋ ጃንጥላና ወንበር አድርገውበታል። ደሜ ፈላ። አቶ መዝገቡን ስጠይቃቸው፣ «ክሊን እንዲሆን ኤዲት አድርገነው ነው፤ ደግሞ ፍሪ ፕሮሞሽን አገኘሽ» አሉኝ። በልቤ «ቆይ» አልኩ።

ለአባቴ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ከዚያ ውሃ ጠጥተው ያደጉ ሰው ናቸው። «ዱዓውን ማን ያደርጋል?» ብቻ ብለው ጠየቁኝ። «ትልቅ ሰው እርስዎ ነዎት፣ አባባ» አልኳቸው።

እንዳልኩትም ከአክሲዮኑ ፊርማ በፊት አቶ መዝገቡ ራሳቸው ማይኩን አምጥተው ሰጧቸው። ሰው ሁሉ ተነስቶ መዳፉን ዘረጋ። አባቴ አገር ሰላም እንዲሆን፣ ልጅ እንዲያድግ፣ የታመመ እንዲድን መረቁ፤ አዳራሹ አሜን አለ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «አይጠገብን በቧንቧ ያሰረ፣ ወገቡ ይታሰር» አሉ። አሜን ተባለ። «የእህቴን ጀሪካን ባዶ ያስቀረ፣ ጉሮሮው ይድረቅ።» አሁንም አሜን ተባለ። «ለዚህ የፈረመች እጅ ጉርሻ ለአፏ አታድርስ» ሲሉ ግን አንዲት ሴት ደንግጣ እጇን ወደ ጉያዋ ስትሰበስብ አየሁ። አቶ መዝገቡ ስልካቸውን እያዩ ጮክ ብለው አሜን አሉ።

ዱዓ ላይ ያለ ሽማግሌ አይቋረጥምና ማይኩን የቀማቸው የለም። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶ ያነሳ ሰው አልነበረም። አባቴ ማንንም አልነኩም፣ ከዘራቸውንም አላነሱም።

ትናንት ጠዋት አቶ መዝገቡ ደውለው፣ «እህቴ፣ ኬሱን ድሮፕ አደርጋለሁ፤ ብቻ ሼሁ እርግማኑን ያንሱልኝ» ብለውኛል። «መጀመሪያ ወንዙን ይተዉ» አልኳቸው። ስልኩንም ዘጋሁ።

የምጨምረው ካለ ተጠይቄ የሚከተለውን እንዲጻፍልኝ አመልክቻለሁ። ሌላው ሰው በልማድ አሜን ብሎ ይሆናል። እኔ ግን እያንዳንዷን አሜን አውቄ፣ ከልቤ ነው ያልኩት።

ቃሌ በአማርኛ ተነቦልኝ አድምጫለሁ፤ ያልተናገርኩት አልገባበትም፣ የተናገርኩትም አልቀረም፤ እውነት ስለሆነ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ኢናስ መሐሙድ
ቃሉን የተቀበለው መኮንን ፊርማ፦ ዮፍታሄ ብሩህ