አራቱ ችካሎች

ማዚ አንያኤግቡን ያገኘኋቸው ወደ ገበያ በሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ነው። በብብታቸው አራት ችካል፣ በእጃቸው ገጀራ ይዘዋል። ማዚ በእኛ ቋንቋ «አቶ» እንደ ማለት ነው። የአባቴ አጎት ልጅ ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አባባ ነው የምላቸው።

«ችካሉ ለምንድን ነው አባባ?»

«ለኦቢዲግቦ መሬት። የወንድሜ የሐዘን ዓመት ትናንት ሞላ። ዛሬ ድንበሩን ቸክዬ ወደ እኔው አጠቃልላለሁ። ነይና እዪ፤ ኋላ አልሰማሁም እንዳትዪ።»

ኦቢዲግቦ ያለ ወንድ ልጅ ነው የሞተው። ሚስቱን ኡግቦአኩንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን ትቷል። በእኛ በኢግቦዎች ልማድ የእንዲህ ያለ ሰው መሬት ለወንድሙ ይገባል። እኔ ከዚህ ቤተሰብ ተወልጄ ጎረቤት መንደር ያገባሁ አስተማሪ ነኝ። አፌ እንደማያርፍ እሳቸውም ያውቃሉ፤ አብሬያቸው መንገድ ጀመርኩ።

«ኡግቦአኩስ የት ትግባ?»

«ማን ውጪ አላት? ቤቷ ትቀመጥ። መሬቱ ግን የወንድ ነው። ልጆቿ ነገ አግብተው ይሄዳሉ። የአባቴን አፈር ለባዳ ላስረክብ?»

«እኔም አግብቼ ሄጃለሁ። ባዳ ነኝ?»

«አንቺማ የኛው ነሽ።»

«እነሱስ ሲያገቡ የማን ሊሆኑ ነው?»

«ይኸው፣ ትምህርት ቤት ያስተማሯችሁ ሰውን በገዛ ቃሉ ማሰር ብቻ ነው።»

«ሕጉም ሴት ልጅ ትወርሳለች ይላል እኮ።»

«ሕጉ አቡጃ ነው፤ መሬቱ እዚህ ነው። የድሮ ሴቶች እንዲህ አይከራከሩም ነበር።»

ይህች አነጋገር ታናድደኛለች። የድሮ ሴቶች ከኔ በላይ ይከራከሩ ነበር። ሚስቱን የደበደበ ሰው ደጃፍ ላይ ተሰብስበው እየተቀመጡ፣ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ጉዱን በዘፈን ያወጡበት ነበር። ገበያው በእጃቸው ነበር። እነዚያው ሴቶች ባል ሲሞትባቸው ግን ጸጉራቸውን ተላጭተው መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆፈሩትንም እርሻ ሌላ ይወስደዋል። የድሮውን ጊዜ ማር ብቻ ወይም ሬት ብቻ አድርጎ የሚያወራ ሰው ግማሹን ደብቋል።

«አባባ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ከልጅዎ ጋር ሲጣሉ ማን አስታረቃችሁ?»

እርምጃቸውን ፈጠን አደረጉ። ያስታረቅናቸው እኛ ኡሙአዳ ነን፤ ከቤተሰቡ ተወልደን ውጭ ያገባን ሴቶች። ሦስት ቀን ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠን ፈረድን፤ እሳቸውም «ሴቶች ልጆቻችን ከተናገሩ አለቀ» ብለው ተቀበሉ።

«ያኔ ባዳ ናችሁ አላሉንም።»

«መንገዱን እዪ፣ ድንጋይ አለ» አሉኝ።

ስንደርስ ኡግቦአኩ ጎደሬ ስትኮተኩት አገኘናት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሰላም አለችን። ችካሉን ስታይ ፊቷ ጠቆረ፤ የመጡበት ነገር ገብቷታል። ማዚ ወደ ላይኛው ጥግ ሄዱና አንድ የኦጊሪሲ ዛፍ ሥር የመጀመሪያውን ችካል ቸከሉ። ኦጊሪሲ በእኛ አገር የድንበር ዛፍ ነው።

«እዚያ ነው እንዴ ድንበሩ?» አለች ኡግቦአኩ ቀስ ብላ።

«ዛፉን አታዪም?»

«እሱን ባለቤቴ ነው የተከለው፣ የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደች ጊዜ። እዚያ ላይ ከቸከሉ የመሬቱን እኩሌታ ለንዎሱ ሰጡት።»

ንዎሱ መሬቱን የሚያዋስነው ጎረቤት ነው፤ ዘመድም አይደለም። ማዚ ዙሪያውን ቃኙ። የት እንዳሉ እንደጠፋቸው ያስታውቃል። አብራት ስትኮተኩት የነበረችው ትንሿ ልጇ ኡዞማ ወደ ቁጥቋጦው አርባ እርምጃ ያህል ሄደችና ሣሩን ገለጥ አድርጋ የቆየ ጉቶ አሳየቻቸው።

«የድንበሩ ኦጊሪሲ ይህ ነበር፤ ጎርፍ ጥሎት ነው። ንዎሱ በየክረምቱ አንድ እርምጃ ይገፋል፤ እናቴ በየክረምቱ ትመልሰዋለች።»

ማዚ ጉቶውን በእጃቸው ዳሰሱት።

«ይህን ማን ነገረሽ?» አሉ ወደ እናትየዋ ዞረው።

«አባትዎ። ባለቤቴ ከተማ ለከተማ ሲነግድ ከሳቸው ጋር የምቆፍረው እኔ ነበርኩ። ሊሞቱ ሰሞን ዙሪያውን አዙረው አሳዩኝ።»

ሽማግሌው ጉቶው ላይ ተቀመጡ። እኔ፣ መቼም አላርፍም፣ ልናገር አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱብኝ።

«ተዪ፣ ገብቶኛል። የአባቴን አፈር ለባዳ ልሰጥ የነበርኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ የቀሩትን ሦስት ችካሎች ለኡዞማ ዘረጉላት። «ያዢ። እዚያ የቸከልኩትንም ንቀዪው፤ የት እንደሚቸከል የምታውቂው አንቺ ነሽ። ዘመዶቻችን ሲሰበሰቡ መሬቱ የኡግቦአኩና የልጆቿ ነው ብዬ እናገራለሁ።»

እንዳሉትም ተናገሩ። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈ። ኡግቦአኩ ነገ ይወሰድብኛል ሳትል ረጅም ጊዜ የሚቆይ ተክል ተክላለች፤ ልጆቿ ከትምህርት ቤት አልቀሩም፤ ንዎሱም መግፋቱን ትቷል። በመንደሩ ሌሎች ሦስት አባቶች ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ድንበራቸውን አዙረው አሳይተዋል። መሬት ለሚያውቀው ሰው ሲቀር ቤተሰብ እንደሚጠቀም ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም።

ባለፈው ወር ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው ማዚ አንያኤግቡ ዘንድ ለዳኝነት መጡ። ሽማግሌው ሁለቱንም እስኪጨርሱ ሰሟቸው።

«ቆዩ» አሏቸው፤ «እህታችሁን ጥሩልኝ።»