የጀርባ ላይ ፉከራ

(ማለዳ፣ ከወጥ ቤቱ ድንኳን ጀርባ፤ ክፍለ ጦሩ በጦር ሜዳ ጀግንነቱ የሚሸለምበት ቀን ነው፤ በውጊያው አንድ እግሩን ያጣው አስር አለቃ ደረበ ክራንቹን ግራር ላይ አስደግፎ፣ ዛሬ ሜዳሊያ የሚቀበለውን ጓደኛውን የአስር አለቃ ላቀውን ጢም እየላጨ ነው።)

ላቀው፦ አልፎክርም አልኩህ! ሜዳሊያዬን እቀበላለሁ፣ ሰላምታ እሰጣለሁ፣ እወርዳለሁ። በቃ!

ደረበ፦ አገጭህን ቀና አድርግ። በእኛ ክፍለ ጦር ሜዳሊያ ተቀብሎ ሳይፎክር የወረደ ሰው አይተሃል?

ላቀው፦ የመጀመሪያው እኔ እሆናለኋ።

ደረበ፦ አትንቀሳቀስ! ጥይት ያላገኘውን ሰው ምላጭ አቆሰለው አታስብለኝ።

ላቀው፦ እንግዲያው አንተ ፎክርልኝ። ስንት ጊዜ ልለምንህ? ለጓደኛ መፎከር ነውር አይደለም። የክፍለ ጦሩ አንደበት ደግሞ አንተ ነህ።

ደረበ፦ ነበርኩ። አሁን ግጥሙን ገጥሜልሃለሁ፣ ማለቱ ያንተ ፋንታ ነው። እስቲ ተነስና ሞክረው።

ላቀው፦ ዘራፍ።

ደረበ፦ ምን አልክ?

ላቀው፦ ዘራፍ አልኩ እኮ።

ደረበ፦ እንደዚያ ነው? እኔ ጨው አቀብለኝ ያልክ መስሎኝ። ደግሞስ ዘራፍ ብሎ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው የት አየህ? እጅህን ከግንባርህ አውርድ!

ላቀው፦ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ሰው ፊት ስቆም እጄ ራሱ ይወጣል።

ደረበ፦ እጅህ ይውረድና ድምፅህ ይውጣ። ከሆድህ ነው የሚወጣው፣ ከጥርስህ መሃል አይደለም።

ላቀው፦ የሰው ዓይን ሲበዛብኝ ምላሴ ይታሰራል፤ ምን ላድርግ? በሠርጌ ቀን እንኳ ስለ እኔ ሲያወራ የዋለው ሚዜዬ ነው።

ደረበ፦ ሚዜህ ማን ነበር?

ላቀው፦ አንተ ነሃ!

ደረበ፦ ታዲያ እስከ መቼ ነው አፍ ሆኜህ የምኖረው? አማቶችህ እስከ ዛሬ ያገባሁት እኔ ይመስላቸዋል። በል፣ ከሆድህ!

ላቀው፦ ዘራፍ!

ደረበ፦ ተመስገን! ቢያንስ የወጥ ቤቷ ዶሮ ደነገጠች። ቀጥል።

ላቀው፦ «ዘራፍ የእምሩ ልጅ፣ ዘራፍ የዳገቱ፣
ጓድ ጥሎ መመለስ አያውቅም ከጥንቱ።
ሰው አዝሎ ወረደ ያን ሁሉ ቁልቁለት...»

ደረበ፦ ቀጥላ! «ጥይት በጆሮው ሥር እያፏጨችበት!» ምን አቆመህ?

ላቀው፦ ሰው አዝሎ? የቱን ሰው?

ደረበ፦ ያው ሰው ነዋ።

ላቀው፦ ስም የለውም?

ደረበ፦ ቤት አልመታ አለኝ።

ላቀው፦ ላንተ? የወጥ ቤቱን ድስት ሳይቀር በግጥም ያወደስክ ሰውዬ?

ደረበ፦ ድስቱማ ይገባዋል፤ ስንቱን ያበላ ድስት ነው። ና ተቀመጥ፣ አረፋው ደረቀብህ።

ላቀው፦ ያዘለው የዱቄት ጆንያ ነው ቢሉኝስ?

ደረበ፦ የእኔና የጆንያው ክብደት አንድ ነው እያልክ ስታማኝ ከርመህ የለ?

ላቀው፦ ሐሜት አይደለም፣ እውነት ነው። ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ የሚነግረኝ ወገቤ ነው፤ ያንተ ሥራ ነው እሱ።

ደረበ፦ ታዲያ ውረድ ብትለኝ እወርድልህ ነበር።

ላቀው፦ መቼ? ትንፋሽ ሰጠኸኝ? ከተራራው አናት እስከ ወንዙ አፍህ አልተዘጋም። ጆሮዬ ሥር ዘራፍ፣ ዘራፍ! ተራራው ሙሉ የት እንዳለን አወቀ። ጠላት እኮ የተኮሰው በድምፅህ አነጣጥሮ ነው።

ደረበ፦ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ብዬ ነው። ከተኛሁ እንደማልነቃ ገብቶኝ ነበር።

ላቀው፦ እኔም ገብቶኝ ነበር። ቆይ ደግሞ፣ ሻንጣህ የት ሄደ? ጠዋት አልጋህ ሥር አጣሁት።

ደረበ፦ ጉንጭህን ንፋው።

ላቀው፦ ደረበ፣ ሻንጣህ!

ደረበ፦ ቀለብ የሚያመጣው መኪና ላይ ነው። በሕክምና ቦርድ የተሰናበተ ሰው ነኝ፣ ታውቅ የለ? ሹፌሩ ከተማ ያደርሰኛል። ከዚያ አውቶቡስ አለ።

ላቀው፦ መኪናው መቼ ነው የሚነሳው?

ደረበ፦ ሰልፉ ሲጀመር።

ላቀው፦ እኔ መድረክ ላይ ልቆም፣ አንተ ሽንኩርት ላይ ተቀምጠህ ልትሄድ?

ደረበ፦ ሽንኩርቱን ትላንት አራግፈዋል። ባዶ ጆንያ ነው የቀረው። ይመቻል።

ላቀው፦ አትቀልድብኝ!

ደረበ፦ ምላጭ ይዣለሁ፣ ቀስ ብለህ ተቆጣ።

ላቀው፦ ሳትሰናበተኝ ልትሄድ ነበር?

ደረበ፦ እየላጨሁህ እኮ ነው። ከዚህ በላይ ምን ስንብት አለ?

ላቀው፦ ለምን ደረበ? እውነቱን ንገረኝ።

ደረበ፦ እውነቱን? የጀብዱ ታሪክህ ሲነበብ «የቆሰለ ጓዱን ተሸክሞ» ይላል። ያኔ ክፍለ ጦሩ በሙሉ ዞሮ ክራንቼን ነው የሚያየው። ፉከራ ሲጀመር መጀመሪያ ዘልሎ የሚወጣው ማን ነበር? እኔ። መሬቱን ስረግጠው የአዛዡ ጫማ አቧራ ይለብስ ነበር። አሁን ሸክም ሆኜ ከምታይ፣ በዚያው እንዳወቁኝ ልሂድ ብዬ ነው። አፍሬያለሁ፣ ላቀው። በቃ አፍሬያለሁ።

ላቀው፦ ምላጩን አስቀምጠው።

ደረበ፦ ግማሽ ፊትህ ገና ነው።

ላቀው፦ በግማሽ ፊቴ ልናገር። ወንዙ ዳር ስንደርስ የተንበረከክሁት ትዝ ይልሃል?

ደረበ፦ ውሃ ልትጠጣ መስሎኝ።

ላቀው፦ የምን ውሃ! ጉልበቴ ከድቶኝ ነው። አልቆልኝ ነበር። እዚያው ሁለታችንም ልንቀር ነበር። አንተ ደምህ አንገቴ ላይ እየፈሰሰ «ዘራፍ የእምሩ ልጅ!» አልክ። ያባቴን ስም ስትጠራው እግሬ ተነሳ። እኔ አላነሳሁትም፣ እሱ ራሱ ነው የተነሳው።

ደረበ፦ ይሄን ለሸላሚው ኮሚቴ ለምን አልነገርክም?

ላቀው፦ ነገርኩ እንጂ! ሻምበሉ «ልጄ፣ ፉከራ መመዘኛው ውስጥ የለም» አሉኝ።

ደረበ፦ ቢኖርማ ደረቴ ለሜዳሊያው አይበቃም ነበር!

ላቀው፦ ሳቅ አንተ። እኔ ግን የምለምንህ ሰው ፊት መናገር ስለፈራሁ ብቻ አይደለም። ያቺ ፉከራ ባትኖር ሜዳሊያም የለም፣ እኛም የለንም። ዛሬ ካንተ አፍ ካልወጣች ከማን ልትወጣ ነው?

ደረበ፦ ወንድሜ፣ ፉከራ ባፍ ብቻ መቼ ሆነና? መሬት ይረገጣል። ወደ ፊት ይዘለላል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ባንድ እግርና በእንጨት ምኑን እረግጠዋለሁ?

ላቀው፦ ያን ቀንስ በማን እግር ረገጥከው?

ደረበ፦ የቱን ቀን?

ላቀው፦ ጀርባዬ ላይ ሆነህ ያን ሁሉ ስትፎክር፣ በማን እግር ነበር?

ደረበ፦ ...ባንተ ነዋ።

ላቀው፦ ሁለቱም ይኸው አሉ። አንተ በለው፣ እኔ እረግጥልሃለሁ። እምቢ ካልክ ደግሞ ከጆንያው ላይ አንስቼ፣ አዝዬህ ነው መድረክ የምወጣው። ጎንበስ ልበል?

ደረበ፦ አንተ እኮ ታደርገዋለህ!

ላቀው፦ ማን እንደሆንኩ ታውቀኛለህ። ና ውጣ!

ደረበ፦ ተቀመጥ እባክህ! በግማሽ ጢም የት ልትሄድ ነው? ልብስህንም አታጨማድድብኝ፣ ሜዳሊያ የሚንጠለጠልበት ነው። ይሄን ጉንጭህን ልጨርስልህና ክራንቼን ታቀብለኛለህ።

ላቀው፦ ወደ የት?

ደረበ፦ ሻንጣዬን ላስወርድ። ሹፌሩ ከጆንያው ጋር ብቻውን ይሂድ።

ላቀው፦ ግጥሙስ? አሁንም «ሰው አዝሎ» ነው?

ደረበ፦ «ደረበን አዝሎ ወርዷል ያን ሁሉ ቁልቁለት!» ይኸው፣ ቤቱም መታ። አንተ ግን መሬቱን ብቻ እርገጥልኝ፣ አፍህን እንዳትከፍት፤ ክፍለ ጦሩ በሙሉ ጨው ፍለጋ ይበተናል።