መፍትሔው ከምሳ በኋላ

ቡታጅራ ቁጭ ብዬ ስለ ውቅያኖስ ሙቀት ሠለጠንኩ ስላችሁ እንዳትስቁ። እኛን መምህራኑን አንድ ሆቴል አዳራሽ ሰበሰቡን። አሠልጣኙ ገና ሳይጀምር፣ ባለሆቴሉ ጋሽ ሱልጣን ለጌጥ ያስቀመጡት ዓሦች ያሉበት የመስታወት ገንዳ ፕሮጀክተሩን ጋረደብን። አራት ሆነን ተሸክመን በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ ላይ አወጣነው። ከዚያ ገብተን የአየር ንብረት ለውጥ ባሕሩን እያሞቀ ዓሦችን እንዴት እንደሚጨርስ ከንፈራችንን እየመጠጥን ሰማን።

ለምሳ ስንወጣ ጋሽ ሱልጣን ገንዳው ላይ ተደፍተው ይጮኻሉ። «ያ አላህ! ዓሦቼ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፤ ምን አደረጋችኋቸው?»

አሠልጣኙ ደስ አለው። «አያችሁ? ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን ያጥረዋል ያልኳችሁ ይኼው ነው!» ብሎ በስልኩ ይቀርጽ ጀመር።

«ታዲያ ወደ ጥላ አንሡልኛ!»

«መፍትሔው ከምሳ በኋላ ያለው ርዕስ ነው፣ ጋሼ።»

ጋሼ ብቻቸውን ቢታገሉ ገንዳው አልነቃነቅ አላቸው። እኛ ደግሞ ክትፎው ቀርቧል ተባልን። በልተን ስንመለስ ዓሦቹ ሆዳቸውን ገልብጠው፣ ተንሳፍፈው ጠበቁን። የመፍትሔው ትምህርት ግን፣ አልዋሽም፣ ግሩም ነበር።