አያፈስም የተባለው ቤት

የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ያርጋል ገዱ
ዕድሜ፦ 19
የትምህርት ደረጃ፦ ስምንተኛ ክፍል፣ ሳይፈተን የቀረ
ሥራ፦ የሚኒባስ ረዳት
አድራሻ፦ ደባርቅ ከተማ፣ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ግቢ፣ ሁለተኛው በር
ቀን፦ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጠዋት
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ፍቅረ ሥላሴ

የግል አቤቱታ አቅራቢው አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ የምኖርበት ግቢ ባለቤት ናቸው። ተጠርጣሪዋ እትዬ ዘቢደር ከጎኔ ያለውን ክፍል ተከራይታ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። ከሁለቱም ጋር ዝምድናም ሆነ ጠብ የለኝም። ከአቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ጋርስ ተብዬ በድጋሚ ስጠየቅ፣ እኔ የለኝም፤ እሳቸው ካላቸው እሳቸው ይጠየቁ ብያለሁ።

ክረምቱ እንደገባ የእትዬ ዘቢደር ቤት ቆርቆሮ ዝጎ ስለነበር ከመደቡ ራስጌ በኩል ማፍሰስ ጀመረ። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ በርበሬ ሻገተባት። ለአቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ስትነግራቸው ‹‹የኔ ቤት አያፈስም፤ ባልዲሽን ደፍተሽ ይሆናል›› አሏት። እኔም እስኪጠገን ብዬ ጣሪያው ላይ ወጥቼ፣ የተሳፋሪ ዕቃ በምሸፍንበት በራሴ ላስቲክ ቀዳዳውን ከደንኩና ድንጋይ ጫንኩበት። ማፍሰሱ ቆመ። ስህተቴ ይኸው ነው።

እኔ ከሚኒባሱ ጋር ዛሪማ ወርጄ ሳለሁ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ሁለት ሽማግሌ ይዘው፣ ዝናብ እየዘነበ ቤቷ ገቡ። ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው ቢያዩ ጠብ የሚል የለም። ‹‹ይኸው! ስሜን ስታጠፋ የከረመች ሴት ናት፤ ሐምሌ ሳያልቅ ትልቀቅልኝ›› ብለው አስፈረዱባት። ‹‹ላስቲክ ተደርጎበት ነው እኮ›› ብትልም በዚያ ዝናብ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚያይላት አልተገኘም። ስመለስ ዕቃዋን በጆንያ ስትከት አገኘኋት። ‹‹ያርጌ፣ ያንተ ደግነት አስወጣኝ›› አለችኝ። ላስቲኬ ለአቶ ሃብተ ጊዮርጊስ መሰከረ ማለት ነው።

ሐምሌ 12 ቀን የሚካኤል ጽዋ ተራው የእትዬ ዘቢደር ነበር። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ደግሞ የማኅበሩ አለቃ፣ ማለትም ሙሴ ናቸው። ሙሴ በማንም ቤት ቢሆን የሚቀመጠው ከመደቡ ራስጌ፣ ከቄሱ አጠገብ ነው። ይህን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ቄሱ ጸሎት ሲያደርጉ ሙሴው ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ ይቆያል፤ እስኪያልቅ አይነሳም፣ አያወራም፣ ጽዋውንም አያስቀምጥም። ይህንንም ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ደመናው ከሊማሊሞ በኩል ሲመጣ አይቼ ጣሪያው ላይ ወጣሁና ላስቲኬን ወሰድኩ። የራሴ ንብረት ነው። እትዬ ዘቢደር ጓዳ ጠላ እያጠለለች ስለነበር አላየችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

መምሬ ገሠሠ ጸሎቱን እንደጀመሩ ዝናቡ ወረደ። የመጀመሪያው ጠብታ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ መላጣ ላይ አረፈ። ቀና ሲሉ ሁለተኛው ግንባራቸውን አገኘው። እጃቸው ጽዋውን ስለያዘ መጥረግ አልቻሉም። ጥቂት ቆይቶ ጠብታው መስመር ሆኖ በአፍንጫቸው ወረደ። መምሬ ገሠሠም ያን ዕለት ጸሎቱን አላሳጠሩም፤ እንዲያውም ያስረዘሙት መስሎኛል። ስቀሃል ወይ ተብዬ ለተጠየቅኩት፣ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር፤ ነጠላው ግን ሲንቀጠቀጥ ታይቷል።

‹‹አሜን›› እንደተባለ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ‹‹አንቺ ዘቢደር! ምንድን ነው ይሄ?›› ብለው ጮኹ። እሷም ‹‹እኔ ምን አውቄ ጋሼ፤ ቤቱ እንደሁ አያፈስም፤ ባልዲዎን ደፍተው ይሆናል›› አለቻቸው። ማኅበርተኛው በሙሉ ሳቀ። ከነዚያ ሽማግሌዎች አንደኛው ማኅበርተኛ ናቸው፤ ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። መምሬ ገሠሠ ብቻ ሳይስቁ ‹‹ሃብተ ጊዮርጊስ፣ ጽዋው እጅህ ላይ ነው፤ ምን ትላለህ?›› አሏቸው። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስም ውሃው በጺማቸው እየወረደ ‹‹ቆርቆሮውን እቀይራለሁ፤ ትኑርበት›› አሉ። ይህን ያልሰማ አልነበረም።

ቤታቸው ገብተው ልብሳቸውን ሲቀይሩ ግን ቃላቸውንም አብረው ቀየሩና ‹‹ዘቢደር ሆን ብላ ከጣሪያ ውሃ አፈሰሰችብኝ›› ብለው ከሰሷት። እትዬ ዘቢደር ውሃ አላፈሰሰችም። እኔም አላፈሰስኩም። ውሃው የገባው በቀዳዳው ነው፤ ቀዳዳው የአቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ነው። አያፈስም ብለው ሊያስወጧት የነበሩት ሰው እዚሁ ጣቢያ ቆመው ከጣሪያ ፈሰሰብኝ ብለዋል።

ይህን ስናገር ሳጅን ፍቅረ ሥላሴ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስን ከውጭ አስጠራና በፊቴ ‹‹ቤቱ ያፈሳል ወይስ አያፈስም?›› ሲል ጠየቃቸው። ያፈሳል ካሉ የሚቀይሩት ቆርቆሮ አለ፤ አያፈስም ካሉ የሚከሱት ሰው የለም። እሳቸውም ‹‹ያፈሳል›› ብለዋል። አቤቱታቸውንም አንስተዋል።

ላስቲኬን ለማስረጃ ይዤ መጥቼ ነበር። ቆርቆሮው እስኪመጣ ቀዳዳውን መልሼ ስለምከድንበት እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። መሰላሉን አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ሊይዙልኝ ተስማምተዋል።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። የጨመርኩት ውሸት፣ ያስቀረሁትም እውነት የለም፤ ሳቄም ሳይቀር ተጽፏል ስል በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ያርጋል ገዱ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ሳጅን ፍቅረ ሥላሴ