የሚያስለቅስ ሙጫ

ለትምህርት ቤታችን የዴስክ ጣውላ ላዝ ስስ እንጨት በሙጫ ወደሚደራረብበት ኮምፔርሳቶ ፋብሪካ የሄድኩ ቀን ሰማዩን ደመና ከብዶት ነበር። ሙጫ ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ጎረቤቴን፣ ሠራተኛው ሁሉ «አባ ሙጫ» የሚላቸውን አዛውንት፣ በርሜል ላይ አጎንብሰው አየኋቸው። ማማሰያውን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ጥቂት ቆዩና ዐይናቸው እንባ ሲያቀር «ደርሷል!» አሉ። ሠላሳ ዓመት ሙጫ የሚለኩት እንዲህ ነው። የኔ ጉሮሮ ግን ከደጃፍ ተያዘ።

አጠገባቸው በፋብሪካው ላቦራቶሪ የምትሠራው ሴት ልጃቸው ነጣ ያለ ሊጥ የመሰለ ነገር በባልዲ ይዛ ቆማለች።

«መምህር፣ እንኳን መጡ፤ ይፍረዱኝ» አሉ አዛውንቱ። «ልጄ በአኩሪ አተር ዱቄት እንጨት ላጣብቅ ትላለች። ደንበኛው ቁም ሳጥን ገዝቶ ሲርበው ሊበላው ነው?»

እኔ ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም።

«ይሳቁብኝ አባባ። የርስዎ ሙጫ ግን ፎርማሊን የሚሉት መርዝ አለበት። ጣውላው ከደረቀ በኋላም ለወራት ጋዙን ይተፋል። የሚያስለቅስዎት እሱ ነው።»

«ካላስለቀሰ አይዝም! በኔ እጅ የወጣ ጣውላ ተላጦ ያውቃል?»

«አያውቅም። የኔም አይላጥም። አልዋሽዎትም፣ ለመድረቅ ይዘገያል፤ ውሃ እንዲችልም ማጠንከሪያ ጨምረንበታል። ይኸው በርስዎም በኔም ሙጫ የተጣበቀ ጣውላ ከጠዋት ጀምሬ ስቀቅል ነበር።»

አጠገቧ ከሚፈላ ድስት ሁለት ቁራጭ ጣውላ አወጣች። አዛውንቱ መሮ አንስተው የእሷን ቁራጭ በጉልበት ፈለቀቁት። እንጨቱ ተሰነጠቀ እንጂ ሙጫው አልለቀቀም። ገልበጥ አድርገው አዩትና «አጋጣሚ ነው» ብለው ወረወሩት። በዐይኑ ያየውን የሚክድ ሰው ያናድደኛል።

ልጃቸው ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የጣውላ ነገር ብቻ ቢሆን ባልተከራከርኩዎት። የልጄ ነገር ነው።»

ነገሩን አውቀዋለሁ። አዛውንቱ ለልጅ ልጃቸው አንዲት ጠባብ ክፍል ራሳቸው ባጣበቁት ጣውላ ከወለል እስከ ጣሪያ ለብጠው፣ ብርድ እንዳይገባባት መስኮቱን ሳይቀር አሽገው ሰጥተዋታል። ሕፃኗ እዚያ መተኛት ከጀመረች ወዲህ ሳል አልለቀቃትም። በመኝታ ሰዓት ዐይኗን እያሸች «እዚህ አልተኛም» ስትል «አልቃሻ» የሚል ስም አወጡላት። እኛም ጎረቤቶቿ ተቀብለን ጠራናት፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ሳሉ ሲጠናባት በዚያ ሰሞን አክስቷ ቤት ወስደዋት ነበር።

«ብርድ ነው» አሉ አዛውንቱ፤ ድምፃቸው ግን የቅድሙ አልነበረም።

«አባባ፣ ይሄ ሙጫ ምን ምን ይሸታል?»

«ሽታማ...» እንደገና ወደ በርሜሉ አጎነበሱ። እንባው መጣ፤ ሽታው አልመጣም። ቀና ብለው «ከሸተተኝስ ስንት ዘመኔ ነው?» አሉ። «የልጅ ልጄን ፀጉር እንኳ አንድ ቀን አሽትቼው አላውቅም።»

«እርስዎ ለአፍታ ጠጋ ብለው የሚያለቅሱበትን እሷ ሌሊቱን ሙሉ ትተነፍሰዋለች። አልቃሻ አይደለችም፣ አባባ።»

አዛውንቱ ማማሰያውን አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ያንን በርሜል የከፈተ ሌላ ሰው ነው።

በዚያው ሳምንት የክፍሉን ጣውላ አንድ በአንድ ነቅለው መስኮቱን ከፈቱ፤ ግድግዳውን በልጃቸው ሙጫ በተሠራ ጣውላ ለበጡት። ፋብሪካውም፣ ዋናው ሙጫ አዋቂ ከመሰከረ ብሎ፣ ለቤት ውስጥ የሚውለውን ጣውላ በአዲሱ ሙጫ መሥራት ጀመረ። እኔም ዴስኮቹን በዚያው አዘዝኩ፤ ልጅ አፍንጫውን ደፍቶ የሚውልበት እንጨት የሚተነፍሰውን አየር ሊያበላሽበት አይገባም። ዛሬ በፋብሪካው አዲስ ሙጫ ክፍል ያሉ ሠራተኞች አፋቸውን በጨርቅ ሳያስሩ ሲጫወቱ ይውላሉ። እንዲህ ቀላል ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ፈጀብን እንጂ።

አዛውንቱ ግን በልጃቸው ቃል ብቻ አላደሩም። አፍንጫቸው ስለከዳቸው በዐይናቸው ሊፈትኑት ሦስት ሳምንት ያቺ ክፍል ወለል ላይ ብቻቸውን ተኙ። በየማለዳው ዐይናቸውን ደርቆ ሲያገኙት የልጅ ልጃቸውን አስጠሯት።

የመጣች ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ። ሳሏ ገና ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም፤ ሐኪሙም ጊዜ ይወስዳል ብሏል። በሩ ላይ ቆማ ግድግዳውን አሸተተች፣ ከዚያም አያቷን ቀና ብላ አየች።

«አያቴ፣ እያለቀስክ ነው። ሙጫው ነው?»

«አይደለም ልጄ» አሉ። «ግቢ።»