ውሃ ያወጣው ማህተም

ባዛሩ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ሽማግሌው አናጢ ሣጥኑን ጋሪ ላይ አስሮ በአዳራሹ የኋላ በር ወጣ። ሰፊው በር የፊት ለፊቱ ነበር። ነገር ግን በፊት በር የሚወጣው የሸጠ ሰው ነው፤ ይዞት የመጣውን ይዞ የሚመለስ በጓሮ ይወጣል።

በሰፈሩ «ባለ ሣጥኑ» ይሉታል። አርባ ዓመት ሣጥን ሠርቷል፤ ያለ ሚስማር የሚጋጠም፣ ክዳኑ ሲዘጋ እንደ ሰው እፎይ የሚል፣ ሲያነሱት ሁለት ጎልማሳ የሚያስምጥ ሣጥን። ወደ ባዛር ሲወጣ ይህ ሦስተኛው ነው። ሰው ይመጣል፣ ክዳኑን ይዳስሳል፣ «እጅዎ ይባረክ!» ይላል፣ ያልፋል። ምርቃቱ ግን ጋሪውን አላቀለለለትም።

መንገዱን ሊያቋርጥ ሲል ከኋላው የሴት ድምፅ ሰማ።

«አጎቴ! እርስዎ ነዎት?»

ዞር ሲል የእህቱ ልጅ ናት። በሙያ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ ለሥራ ሌላ ከተማ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር።

«አንቺ! ረሳሽን እኮ፤ ሞተዋል ብለሽ ነው?»

«ኧረ ክፉ አይናገሩ! የተመለስኩት በዚህ ሳምንት ነው። ነገ ልመጣ ነበር። ባዶ እጄንም አይደለሁም፤ ለአክስቴ ስጦታ ገዝቻለሁ።» ቦርሳዋን ከፈተች። «ከሸክላ ሠሪዋ ጠረጴዛ ላይ ነው ያገኘሁት። አንድ አዛውንት በእጃቸው የፈለፈሉት ነው አለችኝ። እስቲ ይዩልኝ፤ እንጨትን ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?»

የእንጨት ጎድጓዳ ሳህን ነበር። ከቦርሳዋ ግማሹ ሳይወጣ ባለ ሣጥኑ አወቀው።

«ደህና ነው» አለ።

«ደህና ብቻ?»

«ደህና ነው አልኩሽ። ጋሪውን በዚያ በኩል ያዢልኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሁለተኛው ባዛር በኋላ አዘጋጆቹ ጠርተውት፣ «አባት፣ አንድ ሣጥን ብቻ ያለበትን ጠረጴዛ ይዞ መቀመጥ ሌላውን ቦታ ያሳጣል፤ ሌላ የእጅ ሥራ ካልጨመሩ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን» አሉት። እሱ ትንንሽ ዕቃ መሥራት እንደ ውርደት ቆጠረው። ስለዚህ ከከተማው ሌላ ጫፍ ሄዶ ከአንድ ሱቅ አምስት የፋብሪካ ሳህን ገዛ። ከሥራቸው የፋብሪካው ማህተም በብረት ተጭኖ ነበር። ማህተሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ደልዳላ አደረገው፤ ዘይት ቀባው። ከዚያ በአዳራሹ ሌላ ጫፍ ለምትሸጠው ወዳጁ ለሸክላ ሠሪዋ፣ «የእጄ ሥራ ናቸው፤ እኔ ከሣጥኔ አልነሳም፣ አንቺ ጋ ይሸጡልኝ፤ አዘጋጆቹ ሲጠይቁሽም የእኔ መሆናቸውን ንገሪልኝ» አላት። አምስቱም ተሸጡ። ገዢዎቹን ባይለይም ሲሸጡ ከሩቅ አየ፤ ደስ አላለውም።

ሰውየው ሌባ አልነበረም። ብዙ ውሸት ግን ሌባ ባልሆነ ሰው ይዋሻል፤ ኩራቱ ከሥራው ሲበልጥ።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ ምድጃው ላይ ወጥ ታማስላለች። ቁርጥማት ጣቶቿን ካጣመመው ስድስት ዓመት ሆኖታል። የምታማስልበትን ጭልፋ እሱ ነው የጠረበላት። ከጠማማ ቅርንጫፍ የወጣ ነው፤ እጀታው እንደ ክርን ታጥፎ በመዳፏ ውስጥ ይተኛል፤ ጣቷን ሳትጨብጥ በክንዷ ትገፋዋለች።

«የት ነበርሽ አንቺ ከዳተኛ!» ብላ የባሏን የእህት ልጅ አቀፈቻት። ሳህኑን ስትቀበል ዐይኗ እንባ አቀረረ። «ለእኔ? ዛሬውኑ ነው የምበላበት። አምጪ ልጠበው።»

«አይታጠብም!» አለ ባለ ሣጥኑ።

ሁለቱም ዞረው አዩት።

«ዘይቱ ገና አልደረቀም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሳህን የማይታጠብ ከሆነ ግድግዳ ላይ ልስቀለው?» አለች ሚስቱ። ሙቅ ውሃ ቀዳች፤ ሳሙና ጨመረች፤ ነከረችው።

እንጨት ያለው ጠባይ አለ፤ አናጢ ሁሉ ያውቀዋል። ብረት የተጫነው ቦታ ጅማቱ ተጨፍልቆ ይተኛል። ዙሪያውን ፍቀህ ብታስተካክለው ለዐይን የጠፋ ይመስላል። ውሃ ሲነካው ግን የተጨፈለቀው ያብጣል፤ ያብጥና ከወለሉ በላይ ይነሳል። ባለ ሣጥኑ ይህን ለስንት ተለማማጅ አስተምሯል። ዘይቱ ውሃውን ያግድልኛል ብሎ ነበር። ውሃው ቀዝቃዛ ቢሆን ምናልባት ያግድ ነበር።

ሚስቱ ሳህኑን አውጥታ ገልብጣ በጨርቅ ስትጠርገው ጨርቁ ያዝ አደረጋት። በጣቷ ዳሰሰች።

«ይሄ ምንድን ነው የሚሻክረው?»

የእህቱ ልጅ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ፊደሎቹ በቆዳ ላይ እንደሚወጣ ሽፍታ ተነስተዋል። የፋብሪካውን ስም አነበበች፤ ጮክ ብላ ግን አላነበበችም። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ሸክላ ሠሪዋ አታለለችኝ!» አለች። «አሁኑኑ ሄጄ ለአዘጋጆቹ ነው የምናገረው። በሽማግሌ ስም እየነገደች!»

ባለ ሣጥኑ ዝም ማለት ይችል ነበር። ዝም ለማለትም አፉን ዘግቶ ነበር። ነገር ግን ሸክላ ሠሪዋ በጠዋት ጋሪውን ስትገፋለት፣ ውሃ ስታቀብለው፣ «አባቴ ዛሬ ይሸጥልዎታል» ስትለው ታየው።

«ሽማግሌው እኔ ነኝ» አለ።

ወጡ ተንተከተከ። ማንም አላማሰለውም።

«ምን አሉ?»

«ሽማግሌው እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም። አይጥ በበላ ዳዋ አይመታ።»

ሚስቱ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ጭልፋዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉን አየች፤ እሱም እዚያው ወለል አየ። በአርባ ዓመት ውስጥ ሥራውን አይታ አንገቷን ስትደፋ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

የእህቱ ልጅ ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ እኔ እርስዎን ለመውቀስ አልተቀመጥኩም። ግን ይንገሩኝ፤ እንዲህ ያለ እጅ ይዘው የፋብሪካ ዕቃ ምን አስገዛዎት?»

«ጠረጴዛዬን ሊወስዱብኝ ነው። ሣጥን አይሸጥም። ሰው ጥሩ ሥራ ማወቅ ትቷል።»

«ሰዎችስ ያውቃሉ እንጂ! ድሮም ሲያደንቁ ሰምቻለሁ። ግን ወደ ባዛር ሰው የሚመጣው በእግሩ፣ በአንድ እጁ ልጅ በአንድ እጁ ቦርሳ ይዞ ነው። ሣጥንዎን በጥርሱ ነክሶ ይውሰደው?»

ሚስቱ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

«ታዲያ ሥራዬን ለሰው ቦርሳ ስል ላሳንሰው?»

«አያሳንሱት። ሣጥኑን ለሚፈልግ በትእዛዝ ይሥሩ። ለባዛር ግን ዕቃ ሲመርጡ ራስዎን ይጠይቁ። ገዢው በእጁ አንጠልጥሎት ይሄዳል ወይ? ቤቱ ሲደርስ ማስቀመጫ ሳይፈልግለት ይጠቀምበታል ወይ? ደግሞ ሰው እንዴት ተሠራ ብሎ ቢጠይቀኝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳልደነግጥ እነግረዋለሁ ወይ?»

የመጨረሻው ጥያቄ ወጋው። አንገቱን ደፋ።

«ትንሽ ዕቃ ሳህንና ጭልፋ ነው» አለ። «ያስተማረኝ ሰው፣ ጭልፋ የሚሸጥ አናጢ መጋጠሚያ ያቃተው ነው ይል ነበር። ተለማማጅ ሳለሁ የጠረብኩትን ጭልፋ ሁሉ ዐይኔ እያየ እሳት ይጨምረው ነበር።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም...» ቆም አለ። «አንዱን ብቻ አላቃጠለውም።»

«ያ ምን ሆነ?»

«ለእናቱ ወሰደው።»

ይህን ለማንም ተናግሮት አያውቅም። ለራሱም ቢሆን እንዲህ አስቦት አያውቅም።

«አዩ!» አለች ልጅቱ። «እሳቸው ያቃጠሉት ጭልፋን አይደለም፤ ያልረባ ሥራን ነው። የረባውን እናታቸው አማስለውበታል። እርስዎ ግን የሳቸውን ንቀት ወርሰው ለእናታቸው የመረጠውን እጃቸውን ረሱት።»

ሚስቱ ከበርጩማዋ ተነሳች። ጠማማውን ጭልፋ በፊቱ ዘረጋችው።

«ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ይህን ሥራልኝ ብላ ስንቴ ለመነችህ? እጇ እንደ እኔ ነው። ምን አልካት?»

«ጠማማ ነው፤ ለሰው አይሰጥም አልኳት።»

«ጠማማው በእኔ እጅ ቀና። በእሷ እጅ አይቀናም?»

ባለ ሣጥኑ ጭልፋውን ተቀበለ። ስድስት ዓመት በዚህ ቤት ሲታጠብ ኖሯል። ገለበጠው። ውሃ ያወጣበት የሌላ ማህተም የለም፤ እሱ ያስቀመጠበት የራሱ ምልክትም የለም።

«ምልክትዎን ለምን አላደረጉበትም?» አለች የእህቱ ልጅ።

«አፍሬበት።»

ሣጥኖቹ ሁሉ በክዳናቸው ውስጥ ምልክቱ አለባቸው። ሊያፍርበት በማይገባው ሥራ ማፈሩ፣ ሊያፍርበት በሚገባው ግን ገበያ መውጣቱ፣ ያን ጊዜ በግልጽ ታየው።

«ገዢዎቹ አንቺ ብቻ አይደለሽም» አለ። «አራት ሌሎች አሉ። ዛሬ ወይ ነገ ያጥቡታል።»

«እና?»

«እናማ ለሸክላ ሠሪዋ መጀመሪያ እኔ ልንገራት። ሰው ሳይነግራት።»

ጋሪውን ሳያራግፍ ወጣ። ምን እንዳላትና ምን እንዳለችው ለሚስቱ የነገራት አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ሳላውቅ አስዋሹኝ፤ ቢያንስ ባውቅ ኖሮ እምቢ እል ነበር» ብላዋለች።

እስከሚቀጥለው ባዛር ሁለት ወር ነበር። ባለ ሣጥኑ ድሮ ማገዶ ብሎ የሚጥለውን ጠማማ ቅርንጫፍ እየለቀመ ጭልፋ ጠረበ። ልብስ ሰፊዋ መጥታ እጇን በእንጨቱ ላይ አድርጋ ለካች፤ የእሷን የመጀመሪያውን አደረገው። ለግራ እጅ ጠረበ፣ ጣት ለማይታጠፍለት ጠረበ፣ ለሕፃን እጅ ጠረበ። ያልረባውን እሳት ጨመረው። በእያንዳንዱ እጀታ ሥር ምልክቱን በመሮ ቆፈረ፤ እንደ ፋብሪካው በብረት አልጫነውም፣ ቆፈረው።

በባዛሩ ዕለት ጠረጴዛው ላይ ጭልፋዎቹ ተደረደሩ። አጠገባቸው በእህቱ ልጅ እጅ ጽሑፍ የተጻፈ ወረቀት ቆመ፦ «ባለፈው ባዛር ከሸክላ ሠሪዋ የእንጨት ሳህን የገዛችሁ፣ ሳህኑ የፋብሪካ ነው። ያታለልኳችሁ እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም። መልሱልኝ።»

አዘጋጆቹ ወረቀቱን አነበቡ። አንደኛው፣ «አባት፣ ይህን ማንሳት ይሻላል፤ ያሳፍራል» አለው።

«ለማሳፈር ነው የቆመው» አለ ባለ ሣጥኑ።

ጆሮው እስኪግል ድረስ ቀኑን ሙሉ ተቀመጠ። ሰው ያነባል፣ ቀና ብሎ ያየዋል፣ ያልፋል። አንዳንዱ ግን ቆመ። አንዲት አሮጊት ጭልፋውን ያዘች፣ በአየር ላይ አማሰለችና፣ «ወንድሜ፣ ያለ ልጄ እርዳታ ድስት ልነካ ነው ማለት ነው?» አለች። እንዴት እንደተሠራ ጠየቀችው። ከቅርንጫፉ ጀምሮ እስከ ዘይቱ ሳይደነግጥ ነገራት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጠረጴዛው ሳሳ፤ አንድ ሰውዬ ደግሞ ጭልፋውን ገልብጦ ምልክቱን አይቶ፣ «ይህ እጅ ሣጥንም ይሠራል?» ብሎ ለልጁ ሠርግ አዘዘ።

እነሆ የዚህ ነገር ጥቅሙ። አናጢው ጠረጴዛውን አልተነጠቀም። የሚጣለው ቅርንጫፍ ሥራ ሆነ። እጃቸው የታመመ ሴቶች በራሳቸው ድስት ላይ አዘዙ። ሣጥኑም ገዢውን ያገኘው ጭልፋው መንገድ ከጠረገለት በኋላ ነው። ለገበያ የእጅ ሥራ የምትመርጥ ሰው፣ ትልቁን አትምረጥ፤ ገልብጠህ ስምህን የምትጽፍበትን ምረጥ።

ሦስት ሳህኖች ተመለሱ። አንዱን ያመጣችው ሴት ገልብጣ ያበጠውን ማህተም አሳየችው፣ ገንዘቧን ተቀብላ ሄደች። ጭልፋ አልገዛችም። እሱም ግዢኝ አላላትም።

አራተኛው አልመጣም። ባዛር በደረሰ ቁጥር ባለ ሣጥኑ ያን ወረቀት ያቆማል፤ ጠርዙ ተበልቷል። ሚስቱ፣ «አሁንስ ተወው፤ ጥለውት ይሆናል» ትለዋለች።

«አይጥሉትም» ይላል። «በእጅ የተሠራ ነው ብዬ ነው የሸጥኩላቸው። በክብር ያጥቡታል።»